ያፈርንበትን ሕክምና ማን ይጠይቅልናል?

ዘወትር የምንነጋገረው ስለ መንግሥት ነው፤ ዛሬ ግን ከራሴ ልጀምር።

ለአራት ወራት ያህል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየነቃሁ እስኪነጋ ጣራ ሳይ ከረምኩ። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ሳይታረም ተከመረ፤ የልጄ ሳቅ እንኳ ከሩቅ የሚሰማ ሆነብኝ። ድብርት መሆኑን ማወቅ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ለመታከም መወሰን ነበር። ጳውሎስ ሆስፒታል ከቤቴ የእግር መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ያስተማርኩት ልጅ ቢያየኝስ እያልኩ ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ።

ይህ ፍርሃት የእኔ ብቻ አይመስለኝም። የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲያገለግል፣ እኛ ስሙን ስድብ አደረግነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አገልግሎቱ እንደ ጳውሎስ ባሉ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ይሰጣል፤ ለኩላሊቱ የመጣውና ለአእምሮው የመጣው በአንድ በር ይገባሉ።

ሁለት ክርክሮች ይቀርባሉ። አንዱ "ጸበል ይበቃል" የሚለው ነው። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጻረሩ በይፋ ተናግረው ነበር፤ ለአእምሮ መድኃኒት የተለየ ፍርድ የምንሰጥበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለተኛው የእኛ የምሁራኑ ነው፤ "ያስከፋን የሀገር ሁኔታ ነው፤ ሀገርን ክኒን አያድናትም" እንላለን። እውነት ነው፣ አያድናትም። ነገር ግን እግሩ በጦርነት የተሰበረ ሰው ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ጄሶ አይከለከልም።

ለመታከም መወሰንና መድኃኒት ለመዋጥ መወሰንም አንድ አይደሉም። ቀለል ላለ ድብርት የምክር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል። መድኃኒት ካስፈለገ ደግሞ ለውጡ የሚመጣው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደለም፤ ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል። በሦስተኛው ጊዜ በሩን አልፌ ስገባ ከሐኪሟ የሰማሁት ይህንኑ ነው። መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፤ ዳንኩ ለማለት ግን ገና ነው።

ይህን የጻፍኩት ለኑዛዜ አይደለም። ተደብቀን የምንገባበት አገልግሎት በጀት ይጨመርለት፣ መድኃኒቱ ከመደርደሪያ አይጥፋ፣ እስከ ጤና ጣቢያ ይውረድ ብለን እንደምን መንግሥትን እንሞግታለን? ድምፅ ያለን እኛ ዝም ካልን፣ ድምፅ የሌለው ወገናችን ምን ይሁን?