ስለ ከበሮው ጉዳይ ያለን አስተያየት



እንደሚታወቀው በሰፈራችን የሚኖር አንድ ቤተሰብ፣ አባት ከበሮ እየመታ፣ እናት እየዘፈነች፣ ልጆቻቸው እየጨፈሩ፣ ሠርጋችንንና በዓላችንን ሲያደምቅልን ቆይቷል። ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ በግቢያቸው የሰፈሩን ልጆች ጭፈራ ያስተምራሉ። አሁን ግን «ከበሮው ዕረፍት ነሳን፣ ይከልከልልን» የሚል አቤቱታ ለማኅበራችን ቀርቧል። ጉዳዩ በመጪው እሑድ ስብሰባ ስለሚታይ እኛም አስቀድመን የምናስበውን በዚህ ሰሌዳ መግለጽ ፈለግን።

አቤቱታው መሠረት የለውም አንልም። ሌሊት በዘበኝነት አድሮ ቀን የሚተኛ አለ፣ የታመመ አለ፣ አራስ አለች። የቆርቆሮ አጥር ከበሮ አይከለክልም። ስለ ሰዓቱ የተባለው እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው ወረቀት ላይ «ልጆቻችንን አዝማሪ ሊያደርጉብን ነው» የሚል ቃል ሰፍሯል፤ እኛን ያስከፋን ይኸ ነው። «ጭፈራ ቤት ከፈቱ» ያለም አልጠፋም። ኧረ ተዉ! ጭፈራ ቤት ቢራ ይሸጥበታል፤ እነሱ ግቢ ያለው ሕፃናትና የውሃ ጀሪካን ነው።

አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ነው። ሙያውን እየወደድን ባለሙያውን እንንቃለን፤ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን እንዳደረግነው መሆኑ ነው። መላኩ በላይን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት በሽልማት ሳንቲም እየኖረ ይጨፍር ነበር፤ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞ አሳደገው፣ እስክስታውንም ይዞ ብዙ የዓለም አገሮችን ዞረ። ከዚያም በፊት በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ቡድን በአውሮፓና በአሜሪካ ሲዞር አገራችንን ያስተዋወቀው በዘፈንና በጭፈራ ነበር።

ይህ ንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩ ፖሊኔዥያ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ከእነርሱ ውስጥ የሃዋይ ሰዎች ሁላ የሚሉት ጭፈራ አላቸው። በ1830 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ታስተዳድር የነበረችው ንግሥት ካአሁማኑ፣ ሚስዮናውያን ነውር ነው ስላሉት፣ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከለች። ታዲያ አዋቂዎቹ በየቤታቸው ለልጆቻቸው ማስተማሩን አልተዉም። በ1883 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ካላካዋ በዘውድ በዓሉ ላይ በአደባባይ አስጨፈረው። ዛሬ ልጁን የሚያስተምር ሰው ለትምህርቱ ገንዘብ ይከፍልበታል። በየቤቱ የያዙት ሰዎች ባይኖሩ ንጉሡ ምን ያስጨፍር ነበር?

ወለንጪቲ መንገድና ባቡር ያሰባሰባት ከተማ ናት። በዚያ ግቢ የጉራጌው ልጅ ረገዳ ይረግዳል፣ የኦሮሞዋ ልጅ እስክስታ ትወርዳለች፣ ሁሉም አንድ ላይ ሸጎዬ ይሞክራሉ። እርግጥ ሸጎዬው ገና ነው፤ እግራቸው ይጋጫል። ቢሆንም በዚያ ሰዓት አስፋልት ዳር ከከባድ መኪና ጋር ሲጋፉ ከምናያቸው ይኸ አይሻልም ወይ?

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ደጋሽ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ሳያቅማማ ይከፍላል፤ ቤተሰቡን ግን «የሰፈር ልጆች ናችሁ» ብሎ ምሳ አብልቶ ይሸኛል። ምሳ የቤት ኪራይ አይከፍልም። የጥር ሠርግ ሳይመጣ ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፣ ግማሹም በቅድሚያ ይከፈል እንላለን።

ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው ይኸ ነው። ትምህርቱ ከግቢያቸው ወጥቶ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ይዛወር፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይሁን። ለቅሶ ባለበት ቀን ከበሮ አይመታም። የመብራቱን ወጪ ልጆቻቸውን የሚልኩ ወላጆች ይካፈሉ፤ አቅም የሌለው ልጅ በነፃ ይማር። የተቃወማችሁም የደገፋችሁም እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተገኙ። አባትና እናትም ቀርበው እንዲናገሩ ጠርተናቸዋል፤ አቤቱታውን የፈረማችሁ ቀርታችሁ ወረቀቱ ብቻ እንዳይመጣ አደራ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት