ፀሐይን ጎን ለጎን ሆኖ መሸኘት

ፀሐይ በየዕለቱ ትጠልቃለች፤ ቆሞ የሚሸኛት ግን ጥቂት ሰው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምንውል ወጣቶችማ መጥለቋን የምናውቀው መብራት ስናበራ ነው። ባልም ሚስትም ደክመው ይገባሉ፤ ራት ላይ የሚነጋገሩትም ስለ ቤት ኪራይና ስለ አስቤዛ ነው። በአንድ ቤት መኖርና አብሮ መሆን ግን አንድ ነገር አይደለም።

ይህን ለማለት ያበቃን ባለፈው ጥር በጣና ሐይቅ ላይ ያሳለፍነው ምሽት ነው። ከሁለታችን አንዳችን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ እንዲሠራ ተጠይቆ ነበርና፣ ጉዳዩ ሳይቋጭ ለሳምንታት ሰንብቷል። በቤታችን ባነሣነው ቁጥር ወይ እንግዳ ይመጣል፣ ወይ ስልክ ይጮኻል፣ ወይም አንዱ ተቆጥቶ ይወጣል።

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በሚመለስ ጀልባ ተሳፈርን። መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በግራና በቀኝ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበርና አንዳችን ፀሐይዋን ሲያይ ሌላው ጀርባውን ሰጥቷታል። ሁለታችንም እንድናያት አንዱ ተነሥቶ ከሌላው አጠገብ መቀመጥ ነበረበት። ከቤት ስንወጣ ያላሰብነው ነገር ይህ ነው፤ ፊት ለፊት ስንከራከር የሰነበትን ሰዎች ጎን ለጎን ሆንን።

የፀሐይዋ ጠርዝ ከአድማስ ጋር ከተነካካ በኋላ ጨርሳ እስክትሰወር የሚፈጀው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ሰዓት ብርሃኗ በአየር ውስጥ ረዥም መንገድ ስለሚያቋርጥ ሰማያዊው በየአቅጣጫው ይበተንና ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ቀዩና ብርቱካኑ ይሆናል። ውኃውም ያንኑ ቀለም ይደግመዋል። ዓሣ አጥማጆች የደንገል ታንኳቸውን ወደ ዳር ይቀዝፉ ነበር። ሁለታችንም አልተናገርንም።

ንግግሩ የመጣው ፀሐይዋ ከገባች በኋላ ነው። ከጀልባ ላይ ተቆጥቶ የሚወጣ የለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ስለሆነ ምሽቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ አንዱን ጋቢ ለሁለት ደርበን ተነጋገርን። ስለ ዝውውሩ በዚያች ምሽት አልቆረጥንም። ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሥጋት ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ይህ የሀብታም ሽርሽር ነው፤ ፀሐይ ከደጃችንም ትጠልቃለች» የሚሉን ይኖራሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ጀልባ ለብቻ መከራየት ለጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከባድ ነው፤ ከሌሎች ጋር ተሳፍሮ መሄድ ግን ይቀላል። ደጃፋችን ላይ ፀሐይ መጥለቋም አይካድም፤ ነገር ግን ከደጃፍ ወደ ቤት የሚጠራ ሥራ አይጠፋም።

ለመሄድ ያሰበ ሁሉ ግን ጥንቃቄን አይርሳ። ሐይቁ ላይ ነፋስ ሊነሣ ይችላልና የመንሳፈፊያ ጃኬት መልበስ፣ የመመለሻውንም ሰዓት አስቀድሞ ከባለጀልባው ጋር መስማማት ይገባል። ስልክም በኪስ ይቆይ፤ ሁለቱን ደቂቃ ፎቶግራፍ በማንሣት የጨረሰ ሰው ጀንበሯንም አጠገቡ ያለውንም ሰው ሳያይ ይመለሳል።

ወጣት ባለትዳሮች ሆይ፣ ለሠርጋችን ቀን ብዙ ገንዘብና ብዙ ወራት እናወጣለን። ከሠርጉ በኋላ ላለው ዘመን ደግሞ አንዲት ምሽት እንኳ እናውጣለት።