ናሩቶ የገባልንን ቃል ጠብቋል ወይ?

ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ሦስት ያለቁ ማንጋዎች ነው የማወራው፤ መጨረሻቸውንም እናገራለሁ። ልታነቡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ፖስት እለፉት። አንብባችሁ ስትጨርሱ እንገናኛለን።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ «ቲቸር፣ ካለቁት ማንጋዎች የቱን ልጀምር? ናሩቶ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም፤ አሁን በግል ሊፈተን እያጠና ነው። «አዎ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ለምን መሰላችሁ?

ያላለቀ ታሪክን መውደድ ቀላል ነው። ጉድለቱን ሁሉ «ቆይ፣ ወደፊት ይገለጣል» እያልን እናልፈዋለን። ያለቀ ታሪክ ግን ሰበብ የለውም። መጀመሪያ ላይ የገባልንን ቃል መጨረሻው ላይ ጠብቋል ወይ ብለን እንጠይቀዋለን።

የማሳሺ ኪሺሞቶ ናሩቶ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 ድረስ ወጥቶ በ72 ቅጽ፣ በ700 ምዕራፍ አለቀ። አጀማመሩን የሚያህል የለም። መንደሩ ያገለለው፣ ፈተና የሚወድቅ ልጅ ተነስቶ «የመንደሩ መሪ እሆናለሁ» ይላል። የኒንጃ ጥበብ እምቢ ሲለው በልምምድ ብቻ ሰውነቱን ያነጸው ሮክ ሊም አለ። የሰው ዕጣ ሲወለድ ያበቃለታል ብሎ የሚያምነውን ኔጂን ደግሞ ናሩቶ ሜዳ ላይ ዘረረው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ለምን እንደሚወዱት ያኔ ነው የገባኝ።

ግን መጨረሻውስ? ጦርነቱ ተንዛዛ፤ ካጉያ የምትባል ጠላት ሁሉም ነገር ሊያልቅ ሲል ዱብ አለች። ከሁሉም የከፋው፣ ናሩቶ የአራተኛው ሆካጌ ልጅ መሆኑ ሳያንስ የጥንቱ ጠቢብ ልጅ ዳግም የተወለደበት ሆኖ ተገኘ። የላብ ልጅ ያልነው የዘር ልጅ ሆነ! ኔጂ በጦርነቱ ሞተ፤ ክርክሩን ግን ከሞተ በኋላ ያሸነፈ ይመስለኛል።

ዴዝ ኖት ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006፣ 12 ቅጽ ብቻ። ኤል በ7ኛው ቅጽ ሲሞት ታሪኩም ግማሽ ነፍሱን ያጣል፤ ኒርና ሜሎ ቦታውን አልሞሉትም። መጨረሻው ግን አልዋሸም። ሪዩክ ገና ሲጀምር ስምህን የምጽፈው እኔ ነኝ ብሎት ነበር፤ ጻፈው። አምላክ ነኝ ያለው ላይት እንደ ማንም ሰው አትግደለኝ ብሎ እየለመነ ሞተ።

የሂሮሙ አራካዋ ፉልሜታል አልኬሚስት (ከ2001 እስከ 2010፣ 27 ቅጽ) እንከን የለውም አልልም። «አባት» የሚባለው ዋናው ጠላት ከፈጠራቸው ልጆቹ ያነሰ ደብዛዛ ገጸ ባሕርይ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ለማግኘት ተመጣጣኙን መክፈል ግድ ነው ይለናል። በመጨረሻም ኤድዋርድ ወንድሙን ለመመለስ በጣም የሚኮራበትን የአልኬሚ ችሎታውን ራሱን ይከፍላል። የተገባው ቃል እስከ መጨረሻው ተጠበቀ።

ስለዚህ ለልጁ «በፉልሜታል ጀምር፤ ናሩቶን ከፈተናው በኋላ ታነበዋለህ» አልኩት። ናሩቶን ንቄው አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ለሚያጠና ልጅ «ለካ ነገሩ በዘር ነበር» የሚል መጨረሻ አሁን ልሰጠው ስላልፈለግኩ ነው።

ወደ ናሩቶ ሲደርስ ደግሞ ሮክ ሊን ልብ ብሎ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ። ታዋቂ አባት የለውም፣ የጥንት ጠቢብም አልተወለደበትም። እስከ መጨረሻው በላቡ ብቻ ቆመ። ደራሲው ለናሩቶ የረሳውን ቃል ለሮክ ሊ አልረሳውም።

እናንተስ? መጨረሻው ያናደዳችሁ፣ ግን አሁንም የምትወዱት የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስድብ ግን አይፈቀድም 😄