የቤት ግንባታ ውልና የካሳ ገንዘብ

በአዲስ አበባ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው አካባቢ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማት ሲባል በርካታ ነባር ቤቶች መፍረሳቸው ይታወሳል። ከተነሺዎቹ መካከል የግል ይዞታ የነበራቸው ምትክ ቦታና ካሳ እየተቀበሉ ቤት ወደ መሥራት ገብተዋል። ጉዳዩ የከተሜው ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም የሚለቅ አርሶ አደርም ካሳ ይከፈለዋል፤ ገንዘቡን ይዞ ከግንበኛ ጋር ይደራደራል። በገጠር ሲዋዋሉ በሽማግሌነት የሚቀመጡትና በምስክርነት የሚፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ማኅበር መሪዎች በመሆናቸው፣ የውሉን ዓይነት ለይተው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «የዕቃ ዋጋ ቢጨምር ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው። የውል ዓይነቶች የሚለያዩት በዚህ ነው።

በገጠር የተለመደው የእጅ ዋጋ ውል ነው። ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ አሸዋውንና ቆርቆሮውን ባለቤቱ ይገዛል፤ ግንበኛው የጉልበቱን ብቻ ይቀበላል። ሲታይ ርካሽ ነው። ነገር ግን የዋጋው ጭማሪም፣ የዕቃው ብክነትም፣ ሌብነቱም የባለቤቱ ዕዳ ይሆናል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ግንበኛው «ሲሚንቶው ያንተ ነበር» ለማለት አይቸገርም። ይህ ውል የሚያዋጣው ከሥራው ቦታ ለማይለይ ሰው ነው፤ በኅዳር አጨዳ ላይ ያለ ገበሬ ደግሞ ግንበኛ ሲጠብቅ አይውልም።

ሁለተኛው ከነዕቃው በቁርጥ ዋጋ የሚደረግ ውል ነው። እዚህ ላይ የዋጋውን ጭማሪ የሚሸከመው ሥራ ተቋራጩ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም በመቀነሱ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ተወዷል፤ ተቋራጮችም በቁርጥ ለመዋዋል ያመነታሉ። አንዳንዱ ውሉን «ቁርጥ» ብሎ ይጽፍና ከታች በአንዲት መስመር «ዋጋ ሲጨምር ይስተካከላል» የሚል ያክልበታል። ይህች መስመር ካለች ውሉ ቁርጥ አይደለም። ምስክር የሚሆን ሰው ከመፈረሙ በፊት ጮክ ብሎ ሊያስነብባት ይገባል። የቁርጥ ውል ሌላው ችግር ተቋራጩ ትርፉን ከዕቃው መቀነስ መፈለጉ ነው፤ ስለዚህ የብረቱ ውፍረት በሚሊሜትር፣ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የቆርቆሮው ዓይነት በውሉ ይጻፍ። «ጥሩ ብረት» የሚል ቃል በፍርድ ቤት አያከራክርም፤ ዋጋ የለውምና።

በካሬ ሜትር ወይም በሜትር ኩብ እየተለካ የሚከፈልበትም አለ። ለካቡ ሳይሆን ለለኪው መጠንቀቅ ነው።

በስታዲየም በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ንድፉንም ግዢውንም ግንባታውንም አንድ የቻይና ተቋራጭ አጠቃሎ ያስረከበው ነው። በቤት ሥራ ይህ «ቁልፍ ማስረከብ» ይባላል። ለባለቤቱ ድካሙ ትንሽ፣ ክፍያው ግን ከፍተኛ ነው።

ውሉ የትኛውም ይሁን፣ ክፍያው መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲቆም፣ ጣሪያ ሲለብስ እየተከፈለ የመጨረሻው ድርሻ እስከ ርክክብ ይያዝ። ካሳውን በሙሉ አስቀድሞ ያስረከበ ሰው መደራደሪያ አይኖረውም።

የተሠራ ቤት ለሚገዛ ደግሞ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። በሽማግሌ ፊት ብቻ የተጻፈች ወረቀት ይህን አታሟላም።

ይኸው ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሠራው ቤት ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን፣ ጉዳቱ በመሬቱ ጠባይ ቢመጣም ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል። ዋልካ በሚበዛበት ቀበሌ ይህ አንቀጽ ትልቅ መብት ነው። መብቱ የሚቆጠረው ከርክክቡ ቀን በመሆኑ፣ ቀኑ በጽሑፍ ተመዝግቦ፣ ተፈርሞበት አንድ ቅጂ በባለቤቱ እጅ ይቀመጥ።