ከብር የተሠራ ጋዜጠኛ አይጽፍም

ባለፈው ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የባህል ዕቃ ሱቆች አንዱ ጋ ገብቼ ነበር። ልገዛ እንዳይመስላችሁ! ከአሜሪካ የመጣችውን የአክስቴን ልጅ ላጅባት ነው። እሷ የአንገት መስቀል ስታማርጥ እኔ መስታወቱ ሥር የተደረደሩትን ማርትሬዛዎች አያለሁ። አንደኛው ላይ ግን የለመድናት ወፍራሟ ንግሥት የለችም። ግንባረ ሰፊ፣ ሪዛም ሰውዬ ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ይሄ ማነው?»

«የኩባ ነው ልጄ። እዚያ የተማረ ሰው ነው የሸጠልኝ። ንጹሕ ብር ነው!»

ደርግ ብዙ ሺህ ልጆች ወደ ኩባ ልኮ እንዳስተማረ አስታወስኩና ነገሩ ገባኝ። ሳንቲሙ ላይ 1853 እና 1953 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ቤት ገብቼ ሳጣራ፣ ሆሴ ማርቲ የተወለደበት 100ኛ ዓመት ሲከበር የወጣ የአንድ ፔሶ መታሰቢያ ነው። 26.73 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ብር ነው። ጋሼ «ንጹሕ» ሲሉኝ ትንሽ ጨመር አድርገዋል ማለት ነው።

ማርቲ ማነው ለምትሉ፣ የኩባ ገጣሚና ጋዜጠኛ ነው። ገና 16 ዓመት ሳይሞላው ሃቫና ውስጥ «ነፃ አገር» የምትል ጋዜጣ አሳተመ። በዚያው በ1869 ታሰረ። ምን አደረገ? ከጓደኛው ጋር ሆኖ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለቅኝ ገዢዋ ለስፔን ጦር ያደረውን የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን «ከሃዲ» የሚል ደብዳቤ። በ17 ዓመቱ የስድስት ዓመት ከባድ ሥራ ተፈረደበት፤ እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ድንጋይ ሲፈልጥ ከረመ። በ1871 ወደ ስፔን አጋዙት፤ እዚያም ሲደርስ ዝም አላለም፣ የእስር ቤቱን ጉድ ጽፎ አሳተመው። በኋላ ኒው ዮርክ ተቀምጦ ለላቲን አሜሪካ ጋዜጦች ሲዘግብ ኖረ፤ ለልጆች መጽሔት አዘጋጀ፤ መጋቢት 14 ቀን 1892 «ፓትሪያ» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተ። በ1895 ለኩባ ነፃነት ሲዋጋ በ42 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ በደብዳቤ ምክንያት የታሰረ ልጅ ነው በብር የተቀረጸው። ደስ ይላል አይደል? ቆዩኝማ።

ሳንቲሙ ሲወጣ ኩባን ይገዛ የነበረው ባቲስታ ነው፤ ባቲስታ ደግሞ በ1952 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። በዚያው በመታሰቢያው ዓመት፣ በሐምሌ 1953፣ እነ ፊደል ካስትሮ የሞንካዳን የጦር ሰፈር አጠቁ። ባቲስታ መብቶችን አገደ፣ በጋዜጦች ላይም ሳንሱር ጫነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ጋዜጠኛው በብር ታተመ፣ ጋዜጦቹ ደግሞ ተለጎሙ!

ፊደልስ? እሱም ፍርድ ቤት ቆሞ የጥቃቱ የሐሳብ አባት ማርቲ ነው አለ። በ1959 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ነፃ ጋዜጦች አንድ በአንድ ጠፉ። የማርቲ መልክ ግን ከፔሶው አልወረደም። ኩባ የጋዜጠኞች ቀኗን የምታከብረውም መጋቢት 14፣ «ፓትሪያ» በተመሠረተችበት ዕለት ነው። በ2003፣ ማርቲ በተወለደ በ150ኛው ዓመት፣ ይህ ቀን ካለፈ ከአራት ቀን በኋላ አፈሳ ተጀመረ። 75 ሰዎች ታሰሩ፤ በርካታ ጋዜጠኞችም ነበሩባቸው። ከመካከላቸው ራውል ሪቬሮ አለበት፤ እሱም እንደ ማርቲ ገጣሚና ጋዜጠኛ ነው። 20 ዓመት ፈረዱበት። በ2004 መጨረሻ ተለቀቀ፣ አገሩን ለቆ ወጣ፣ በ2021 ማያሚ ውስጥ ሞተ።

ሁለት ጠላቶች፣ ባቲስታና ካስትሮ፣ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ የሞተ ጋዜጠኛ ይከበራል። የሞተ ጋዜጠኛ ጥሩ ነው። ነገ ምን ይጽፍ ይሆን ተብሎ አይፈራም።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት ተቆጣችኝ። «ቢያንስ እነሱ አስታውሰዋል» አለች። «እኛ ሳንቲም ላይ ያለው አንበሳ ነው። አንድ ደራሲ እንኳ የለንም። በዓሉ ግርማ ቢቀረጽ ትጠያለሽ?»

አልጠላም! ክርክሯ እውነት አለው። ትዝታ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ይፈልጋል። አንድ ሕፃን ሳንቲሙን አንስቶ «ይሄ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያ ጥያቄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ማርቲን ያወቅኩት እንደዚያው ነው። ነገር ግን የበዓሉን ታሪክ እዩት። ጋዜጣና መጽሔት ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ሰውየው ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ሰባት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከዚያ ሱቅ ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ትግላችን ሐውልት ተመረቀ። እዚያ ግድግዳ ላይ ለእኛ የሞቱት ኩባውያን ምስል አለ፤ መከበራቸው ተገቢ ነው። ግን ያው መንግሥት ድንጋይ ሲያቆም ለአንድ ደራሲ ቤተሰብ «የት ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ እኔ የምለው፦ ሳንቲሙ ይውጣ፣ ግን ዋጋውን በግራም አንለካው። በወጣበት ቀን ማን እንደታሰረ፣ የትኛው ጽሑፍ እንደቀረ እንጠይቅ። የጋዜጠኛ መታሰቢያ መለኪያው በሕይወት ያለው ጋዜጠኛ ነው።

ይህን ስል ራሴን ነፃ እያወጣሁ አይደለም። ከተመረቅኩ በኋላ በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ ስለ አንድ ሰፈር ነዋሪዎች ከቤት መነሣት ዘገባ ጽፌ ነበር። አለቃዬ ወረቀቱን መለሰልኝና «ይቅርብሽ» አለ። አላስፈራራኝም፣ አልጮኸብኝም። «ይቅርብሽ» ብቻ። እኔም ተውኩት። ያነጋገርኳቸው እናት ሁለት ጊዜ ደውለው «ወጣ ወይ?» አሉኝ። በሦስተኛው ስልኩን አላነሳሁም። ማርቲ በ17 ዓመቱ ለአንድ ደብዳቤ ሰንሰለት ታሰረለት፤ እኔን ለማስቆም አንዲት ቃል በቃች።

ሳንቲሙን አልገዛሁትም። ጋሼ የጠሩት ዋጋ የወር የቤት ኪራዬን ሊነካ ደርሶ ነበር። ደግሞም የማርቲን መልክ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ከምዞር፣ እኚያን እናት ደውዬ ይቅርታ ብጠይቃቸው ይሻለኛል። ካነሱልኝ።