አንድ ቁንጥር ጨው፣ አንድ ጭብጥ ስኳር



ባለፉት ወራት በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ቁጠባና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንወያይ ቆይተናል። በዚህ ወር ከአንድ ቤት ወጣ ብለን ስለ አንድ አገር እናወራለን። ወደዚህ ርዕስ የመራን ግን በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የገጠመን ጉዳይ ነው።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ገበታዋ ቀረች። ታማ እንደሆነ ብለን ስናጠያይቅ አባቷ ራሳቸው መጡ። ልጅቷን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመላክ ማሰባቸውን ሳይደብቁ ነገሩን። ዕድሜዋ ገና መሆኑን፣ በክፍሏም ከጎበዞቹ አንዷ መሆኗን አስረዳናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ካዳመጡን በኋላ «ኡስታዝ፣ ልጄን የጠላኋት መስሎዎት ነው? ከእሷ በታች አራት አሉ። አገር እስኪያድግ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?» አሉን።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት መልስ አልነበረንም። እኛም ብንሆን ስንማርም ሆነ ስናስተምር በልባችን የያዝነው ቅደም ተከተል «መጀመሪያ አገር ይበለጽጋል፣ ከዚያ ሕዝቡ ይማራል፣ ይታከማል፣ ያልፍለታል» የሚል ነበር። ነገሩ እንዲያ ከሆነ ድሃ አባት ሀብቱ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፈርስ አንድ አገር ግን አለ። እሱም ባንግላዴሽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተስፋ የተቆረጠበት አገር

ባንግላዴሽ በቆዳ ስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ ሰባተኛ ያህል ብትሆን ነው። ከሕዝቧ ዘጠና በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነው። በኅዳር 1970 የባሕር ማዕበል አስከትሎ የመጣ አውሎ ነፋስ ከ300,000 በላይ ሰው ፈጀባት። በቀጣዩ ዓመት ከፓኪስታን ስትለይ በተካሄደው ጦርነት ሚሊዮኖች ተሰደዱ። በ1974 ደግሞ ጠኔ ገባ። በዚያን ጊዜ የኃያላን አገሮች ባለሥልጣናት ሁልጊዜ በምጽዋት የምትኖር አገር አድርገው ያዩዋት ነበር። ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል ከ200 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር።

ዛሬ ያ ቁጥር ወደ 30 ገደማ ወርዷል። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። የሕፃናቱ ሞት መቀነስ የጀመረው አገሪቱ ከበለጸገች በኋላ አይደለም። ገና ድሃ ሳለች ነው። ታዲያ ምን ተደርጎ ነው?

በእናት እጅ የተቀመጠ ዕውቀት

ሕፃናቱን በብዛት ይገድል የነበረው ተቅማጥ ነው። ተቅማጥ የሚገድለው የሰውነትን ውኃና ጨው አሟጦ በመውሰድ ነው። በ1968 በዳካ ከተማ በኮሌራ ላይ ምርምር ያደርጉ የነበሩ ሐኪሞች፣ ስኳርና ጨው በልክ የተቀላቀለበት ውኃ በአፍ ቢሰጥ ለአብዛኛው በሽተኛ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሊተካ እንደሚችል አሳዩ። ስኳሩ አንጀት ጨውንና ውኃን እንዲቀበል ይረዳዋል። እኛ ዘንድ እናቶች «ለምለም» እያሉ የሚያውቁት ዱቄት የዚሁ ግኝት ውጤት ነው።

ዕውቀቱ ተገኘ፤ ነገር ግን የታሸገው ዱቄት በየመንደሩ አይደርስም ነበር። በ1972 የተመሠረተው ብራክ የተባለው የአገሪቱ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት ላከ። ትምህርቱ አጭር ነበር፦ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ። ሠራተኛዋ ትናገርና ታሳያለች፤ ከዚያ እናቲቱ ራሷ በጥብጣ ታሳያታለች። በዚህ መንገድ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተዳረሱ። (ዛሬ የታሸገው ዱቄት በጤና ጣቢያ ስለሚገኝ እናቶች እሱን ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ጨው ከበዛ ሕፃኑን ይጎዳልና።)

እንደ አስተማሪነታችን በጣም የገረመን የደመወዙ ነገር ነው። ሠራተኛዋ የሚከፈላት በዞረችባቸው ቤቶች ብዛት ብቻ አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ከተማሩት እናቶች ጥቂቱን በዕጣ ይመርጥና ይጠይቃል። እናቶቹ ምን ያህል እንዳስታወሱ ታይቶ የሠራተኛዋ ክፍያ ይወሰናል። አስተማሪ ባስተማረው ሳይሆን ተማሪው በያዘው ልክ ቢከፈለው ኖሮ ስንቶቻችን ደመወዛችንን ሙሉውን እንወስድ ነበር?

ሆኖም ሥራው መጀመሪያ ላይ ከሽፎ ነበር። እናቶቹ አዘገጃጀቱን በቃላቸው ይዘዋል፤ ልጅ ሲታመም ግን የሚጠቀሙበት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ሲጣራ ሁለት ምክንያት ተገኘ። አንደኛ፣ ከራሳቸው ከሠራተኞቹ መካከል በሚያስተምሩት ነገር የማያምኑ፣ ሲታመሙም ኪኒን የሚውጡ ነበሩ። ሁለተኛ፣ አባቶች ተረስተዋል። ቤቱን የሚያዝዘው አባወራ ያልሰማውንና ያላመነበትን ነገር እናቲቱ እንዴት ትድፈረው? ስለዚህ ሠራተኞቹ ወደ ዳካ ተወስደው መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ። ለወንዶቹም በመስጊድ፣ በገበያና በትምህርት ቤት ገለጻ ይሰጣቸው ጀመር። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ሥር የሰደደው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የምንማረው ለማንም ግልጽ ይመስለናል። የአንድ አገር ልማት በእናት እጅ ያልፋል፤ የአባት ጆሮና የመስጊድ ድምፅ ሲታከልበት ደግሞ ይጸናል።

በሴት ልጅ ስም የተከፈተ ሒሳብ

በ1994 የባንግላዴሽ መንግሥት ለገጠር ሴት ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ድጎማ በመላ አገሪቱ ጀመረ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ የሚገባው ግን በልጅቷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ከትምህርት ቀናቱ ቢያንስ 75 በመቶውን መገኘት፣ የተወሰነ ውጤት ማምጣትና ትምህርቷን ሳትጨርስ አለማግባት ቅድመ ሁኔታዎቹ ነበሩ። ዕውቅና ያላቸው መድረሳዎችም በዚህ ተካተቱ። ቀድሞ ለወንዶች ብቻ የነበሩ ብዙ መድረሳዎች በራቸውን ለሴት ልጆች ከፈቱ፤ ዓለማዊውን ትምህርት ከዲኑ ጋር በሚያስተምሩት በእነዚህ መድረሳዎች ውስጥ የሴቶቹ ቁጥር ከተማሪው ግማሽ ወደ መሆን ተጠጋ። በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ላለፍን ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዲንና ዱንያን ልጆቻችን ላይ ማጣላት የማያስፈልግ መሆኑን በሥራ ያሳያልና።

ስለ ብድርስ? ባንግላዴሽ በአነስተኛ ብድር ስሟ ገንኗል። ብዙ ሰውም የዕድገቷ ምስጢር እሱ ይመስለዋል። ይሁንና ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የተደረጉና በ2015 የታተሙ ጥናቶች አነስተኛ ብድር ለአንዳንዱ ሰው ቢጠቅምም ድሃውን በጅምላ ከድህነት እንዳላወጣ አሳይተዋል። የወለድን ነገር እኛ ሙስሊሞች ቀድሞውንም የምናውቀው ነው። ዋናው ነጥብ ግን ዕውቀትና ጤና በሌለበት ቤት ብድር ብቻውን ዕዳ መሆኑ ነው።

መርፌና ክር፣ ከዚያም እንባ

የተማሩት ሴት ልጆች ሥራ አስፈለጋቸው። በ1979 አንድ የባንግላዴሽ የልብስ ፋብሪካ 130 ሠራተኞቹን ወደ ደቡብ ኮሪያ ልኮ ስፌትና የፋብሪካ አስተዳደር አስተማረ። ከተመለሱት ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ወጥተው ሌሎች ፋብሪካዎችን አቋቋሙ ወይም አስተዳደሩ። ከዚያ ጅምር ያደገው ሥራ ዛሬ ለአራት ሚሊዮን ያህል ሰው እንጀራ ሆኗል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥም ከአምስቱ አራት እጅ የሚበልጠው ልብስ ነው። ያሠለጠነው ገንዘብ አላቂ ነበር፤ ሥልጠናው ግን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

ነገር ግን የሠራተኛ ሐቅ የተዘነጋበት ዕድገት ምን እንደሚያስከትል ያየነውም በዚያው አገር ነው። ከዳካ አጠገብ በሳቫር በሚገኘው ራና ፕላዛ በተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሚያዝያ 23 ቀን 2013 ስንጥቅ ታየ። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ። የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ተደረገ። ሕንፃው ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከዚያ በኋላ ነው ከ200 በላይ የውጭ ገዢ ድርጅቶች የፋብሪካዎችን ደህንነት ለማስጠበቅ በሕግ የሚያስገድድ ውል የፈረሙት፤ ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎችም ተመረመሩ። ከአደጋው በፊት ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት?

ሌላም አለ። በ2024 የባንግላዴሽ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። መነሻው ከመንግሥት ሥራ 30 በመቶው ለነፃነት ታጋዮች ቤተሰብ እንዲጠበቅ የሚያደርገው ደንብ ነበር። ብዙ መቶ ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ነሐሴ 5 ቀን መንግሥቱ ወደቀ። የሕፃናት ሞት የቀነሰበት፣ ፋብሪካ የበዛበት አገር ነው ይህ የሆነበት። ያስተማሩት ወጣት ሥራና ፍትሕ ይጠይቃል። ዕድገት በቁጥር ብቻ አይለካም የምንለው ለዚህ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛም አገር ይህን ጎዳና በከፊል ጀምራዋለች። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከየቀበሌው የተመለመሉ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ ወደ ቤት ለቤት ትምህርት አሰማራ። በ2000 በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2019 ቁጥሩ ወደ 59 ወርዷል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትንሽ አይደለም። 59 ሕፃናትም ግን ትንሽ አይደሉም።

የልብስ ፋብሪካውም መጥቶልን ነበር። በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ሥራ ገቡ። በጦርነቱ ሳቢያ ከጥር 2022 ጀምሮ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የማስገባቱን ዕድል ስትነፍገን ግን አንዳንድ ድርጅቶች ዘግተው ሄዱ፤ እንጀራቸውን ያጡትም መርፌና ክር የያዙት ልጆች ናቸው። ሰላም ከልማት ምክንያቶች ሁሉ የመጀመሪያው መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አያስፈልገንም።

እንግዲህ የአባትየው ጥያቄ እንዳለ ነው፦ «አገር እስኪያድግ ልጠብቅ?» ዛሬ መልሳችን «አይጠብቁ፤ ብቻዎንም አይሁኑ» የሚል ነው። የባንግላዴሿን ልጅ ትምህርት ቤት ያቆያት ምክር ብቻ አይደለም፤ በስሟ የገባው ጥቂት ገንዘብም ነው። እኛ መምህራን እስከ ዛሬ ለወላጅ ስንሰጥ የኖርነው ምክር ብቻ ነበር። ለተራበ ቤት ምክር ብቻ ይዞ መሄድ እኛንም ያሳፍረናል።

ስለዚህ ከሰፈራችን መስጊድ ጀማዓ ጋር ተነጋገርን። ጥቂት ሰዎች በየወሩ በማዋጣት የልጅቷን ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የሁለት ታናናሾቿንም ወጪ ለመሸፈን ተስማሙ። ወደ አባቷ ቤት የሄድነው አራት ሆነን ነው። እናትየው ቡናውን እያፈሉ ያዳምጡ ነበር። አባትየው ረጅም ዝምታ ዝም ካሉ በኋላ «እስከ ክረምት ልታገሥ» አሉ። እስከ ክረምት ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላህ ያውቃል፤ ልጅቷ ግን ሰኞ ጠዋት ቦታዋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። በዚህ ወር በሰፈራችሁ መስጊድ ከሶላት በኋላ አምስት ደቂቃ ውሰዱና ባለፈው ዓመት ትምህርት ያቋረጡትን ልጆች ቁጠሩ። ስማቸውን ጻፉ። ከሰደቃችሁ ምን ያህሉን፣ ከዘካችሁስ በየትኛው መንገድ ለእነሱ ማድረስ እንደሚቻል ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ። አባቶችም እቤት ስትገቡ ልጅ ሲያስቀምጠው ምን እንደሚደረግ ሚስቶቻችሁን ጠይቁ፤ የምታውቀውን ስትነግራችሁም አዳምጧት። አገር የሚያድገው አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ጋር ሲያያዝ ነው። ያገኛችሁትን ጻፉልንና በሚቀጥሉት ወራት ኢንሻ አላህ በዚሁ ዓምድ እንነጋገርበታለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።