ዕውቀት በማኅተም አይዘጋ

የማርስ ተመራማሪዎች ተሽከርካሪው ሮቦት ሥራውን ሳይፈጽም ያዩትን ሁሉ ለጉባኤና ለሕዝብ መግለጣቸው የሳይንስን ክብር ያዋርዳል የሚለውን በቅርቡ የታተመ ጽሑፍ በጥሞና መረመርሁት፤ ጸሐፊው ለእውነት ያላቸውን ቅንዓት ባከብርም፣ ፍርዳቸው ግን ከሥራው ጠባይም ከታሪኩም ጋር የሚጣላ ነው።

በምስክርነት የጠሩት የ1996ቱ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነገር፣ ማለትም በአንታርክቲካ ከተገኘ የማርስ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ሕይወት ምልክት ታየ የተባለው፣ ይመሰክርባቸዋል እንጂ አይመሰክርላቸውም፤ ያ ጥናት አስቀድሞ በሊቃውንት ተመርምሮ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ነበርና፣ ትርጓሜውም ብርቱ ክርክር የገጠመው የድንጋዩ ናሙና በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ጭምር ስለ ተፈተነ ነው።

ደግሞስ ሮቦቱ ከሚመረምረው ዐለት ዘንድ የሚቆይበት ዘመን አጭር መሆኑን ስለ ምን ዘነጉት? ስፒሪት የተባለው የማርስ ተሽከርካሪ ሮቦት የፊት ቀኝ መንኰራኵሩ በ2006 መዞር አቁሞ፣ እየተጎተተ መሬቱን ሲያርስ፣ በ2007 ከመቶው 90 እጅ በላይ ሲሊካ የሆነ ነጣ ያለ አፈር ገለጠ፤ ይህ የፍል ውሃ ወይስ የእሳተ ገሞራ እንፋሎት ሥራ መሆኑን ለመለየት፣ የኬሚስትሪና የሥነ ምድር ዐዋቂዎች መሣሪያው ገና በስፍራው ሳለ መመካከር ነበረባቸው፤ በ2010 ድምፁ ከጠፋ በኋላማ ተመልሶ አፈሩን የሚመረምር ከወዴት ይገኛል?

ጥንቃቄ ማለት ያልተረጋገጠውን አልተረጋገጠም ብሎ በግልጥ መናገር ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ሊቃውንቱ ከግኝታቸው ጋር ጥርጣሬአቸውንም እንዲያስታውቁ ይጠይቁ እንጂ፣ አንደበታቸው እንዲዘጋ አይፍረዱ።